ብርሃን የማያሳልፍ ሣጥን

«ይኼኛው ያበራል፤ ያኛው አያበራም» አለ ባለሱቁ፣ በዓለም ላይ ያለው ልዩነት ሁሉ በዚህ ያለቀ ይመስል።

በጣቱ የጠቆመው ጎኑ መስታወት የሆነ ኮምፒውተር ነው። ውስጡ ያሉት ማራገቢያዎች አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ ሐምራዊ እየሆኑ ይሽከረከራሉ። ከደንበኛዋ ኋላ የቆሙ ሁለት ወጣቶች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። እሷ ግን አንዴ ገርመም አድርጋው ዐይኗን መለሰች።

«ላበራ አይደለም የመጣሁት» አለች፤ «ልሥል ነው።»

ባለሱቁን ገበያተኛው ሁሉ «ኢንጂነር» ይለዋል። ማን እንደ ሾመው አይታወቅም፤ እሱም ሹመቱን አልመለሰም። ክፉ ሰው አልነበረም። ብቻ ሴት ደንበኛ ስትገባ ስለ ዕቃው ከመናገሩ በፊት ቀለሙን ያሳያል። እሷ ደግሞ ዕቃዎቹን ለሳምንታት ስታወጣና ስታወርድ ስለ ከረመች፣ እያንዳንዱን እንደ ዘመድ በስሙ ታውቀዋለች። የማሽኑን አንጎል፣ ፕሮሰሰሩን ስትመርጥ በውስጡ ባሉት ሠራተኞች፣ በኮሮቹ ብዛት አልተታለለችም። የምትሥልበት ፕሮግራም አብዛኛውን ሥራ ለአንዱ ኮር ሰጥቶ ሌሎቹን ቆመው እንዲያዩ የሚያደርግ ዓይነት ነውና፣ ኮሩ ጥቂት ሆኖ አንዱ የሚፈጥነውን ያዘች። ይህን ያነበበች ዕለት የቤተሰቧ የአናጢ ወርክሾፕ ትዝ ብሏት ብቻዋን ስቃ ነበር።

ኢንጂነሩ ከባንኮው ሥር አንድ ካርቶን አወጣ። «ግራፊክስ ካርድሽ ይኸውልሽ።»

ካርቶኑን ገልብጣ ከታች በደቃቁ የተጻፈውን አነበበች። «ያዘዝኩት ይኼን አይደለም።»

«ያው ነው እኮ።»

«ያው አይደለም። ሜሞሪው ግማሽ ነው።»

«እህቴ፣ ለቤት ዕቃ ሥዕል ይኼ ይበዛብሻል እንጂ አያንስሽም።»

«የሚበዛብኝንና የሚያንሰኝን እኔ ልወስን» አለችና ካርቶኑን ወደ እሱ ገፋችው። «ትናንት ማታ ገብቷል ብለህ ነው የደወልክልኝ። የገባውን አምጣ።»

ወጣቶቹ ተያይተው ፈገግ አሉ። ኢንጂነሩ ሳል ሳል አለና ወደ ጓዳ ገብቶ ትክክለኛውን ይዞ መጣ። ለምን ሙሉውን ሜሞሪ እንደ ፈለገች ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። እስከ አሁን የምትሠራው በጎረቤት ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ነው። የሣለችው ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የሚሆን የእንግዳ መቀበያ ባንኮ ሲሆን፣ ፊቱ በቀጫጭን እንጨቶች የተደረደረ፣ አንዱ ከሌላው በጥቂቱ እየጎበጠ የሚሄድ ነው። ሥዕሉን ልታዞረው በሞከረች ቁጥር ማሽኑ ድርቅ ይላል። ባለማተሚያ ቤቱም «አይዞሽ፣ እያሰበ ነው» ይላት ነበር። አስቦ አስቦ የደረሰበት ነገር ግን አልነበረም።

«ኬዙስ?» አለ ኢንጂነሩ ዕቃዎቹን እየደረደረ። «የመስታወቱን ካልፈለግሽ የብረት አለ።»

«ኬዝ አልፈልግም።»

«በካርቶን ልትከቺው ነው?»

«የአናጢ ልጅ ሣጥን ገዝታ ስትገባ ብትታይ ሰፈሩ ምን ይላል?»

ኢንጂነሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ትቶ አያት። «እንጨት? ተይ እንጂ! ይኼ ነገር እኮ ይሞቃል። ካልተነፈሰ አለቀለት።»

«መተንፈሻውን ለክቼ ለአባቴ ሰጥቻለሁ። ጀርባው ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው።»

«ነግሬሻለሁ» አለና የመጨረሻዋን ማራገቢያ አነሣ። «ፋን ግን የቀረኝ የሚያበራው ብቻ ነው። ብትፈልጊ ውሰጂ፣ ባትፈልጊ ተይው።»

ሐምራዊውን፣ ከዚያም ቀዩን አየችና ከንፈሯን ነከሰች። «እንግዲህ ያብራ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረዋለሁ።»

ፕሮግራሞቹን በአዲሱ ዲስክ ላይ እስኪጭንላት ድረስ ከአጠገቡ ንቅንቅ አላለችም።

አውቶቡሱ ውስጥ ካርቶኖቹን ጭኗ ላይ ደራርባ ተቀመጠች። ሰው ሲገፋት በክርኗ ትከላከላለች። የአጠገቧ ሴትዮ «ሕፃን የያዝሽ ነው የሚመስለው» ብላ ስትቀልድባት፣ «ከሕፃን ይብሳል፤ ሕፃን ሲነኩት ያለቅሳል፣ ይኼ ዝም ብሎ ነው የሚበላሸው» አለቻት።

መቸኮሏ ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገ ጠዋት የአንድ ትልቅ የቤት ዕቃ ፋብሪካ መኪና ወርክሾፓቸው በር ላይ ይቆማል። በፋብሪካው ልክ የተቆረጠ ቺፑድ ያራግፍና፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እነሱ የፋብሪካውን ቁም ሣጥን ይገጣጥማሉ። ሥዕሉ የፋብሪካው፣ ልኩ የፋብሪካው፣ ስሙም የፋብሪካው ይሆናል። ለቺፑዱ ቦታ እንዲገኝም መስኮቱ ሥር ያለው የአባቷ የሥራ ጠረጴዛ ይወጣል። ነገሩን የጨረሰው ታላቅ ወንድሟ ነው። ይህን የሚያስቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከሰዓት የምትመጣው የጥርስ ሐኪም ባንኮውን አይታ «እሺ፣ ሥሩልኝ» ካለች፣ እሱን ተከትሎ የክሊኒኩ ሥራ በሙሉ ለወራት የእነሱ ይሆናል። እምቢ ካለች ፋብሪካው ይገባል።

ወርክሾፑ በር ላይ ወንድሟ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ጠበቃት። እዚያ ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚላት። አናጢዎቹ «ሃያ ገደማ ነው» ሲሉ «ገደማው ስንት ነው?» ብላ የምትጠይቅ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

«መጣሽ ሚሊሜትር? ገዛሽው?»

«ገዛሁት።»

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ትል ነበር እማማ፣ ነፍሷን ይማረውና።»

«እማማ ይኼን ስትል ላንተ ነበር እኮ ወንድምጋሼ። እኔ ያኔ ገና አልተወለድኩም።»

ሳቀ፤ ግን ሳቁ ዐይኑ ጋ አልደረሰም። ካርቶኖቹን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ይዞላት ገባ። በሩን ቀድሞ የሚከፍት፣ መጨረሻም የሚዘጋ እሱ ነው፤ ይህን ትመሰክርለታለች። የድካሙ ነገር ከፊቱ ላይ ይነበባል።

«እኔ ጠላት አይደለሁም» አለ ድምፁን ቀንሶ፣ መስኮቱ ሥር ጎንበስ ያሉት አባታቸው እንዳይሰሙት። «ደንበኛ ይመጣል፣ ከስልኩ ላይ ፎቶ ያሳያል፣ አባባ ‹ይኼ ሥራ አይደለም› ይሉታል፣ ደንበኛው ይሄዳል። በየቀኑ የማየው ይኼን ነው። ብርሃን አያሳልፍም እያሉ ሰው አላሳልፍ አሉ።»

እውነቱን ነው። የወርክሾፑን ሕግ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቁም ሣጥን ሲያልቅ አባቷ መስኮቶቹን ይዘጋሉ፣ መብራቱን ያጠፋሉ፣ የበራ ባትሪ ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጠው በሩን ይገጥሙና ዙሪያውን ይዞራሉ። ከአንዱ መጋጠሚያ የክር ያህል ብርሃን ከታየ ዕቃው ወደ ጠረጴዛ ይመለሳል። በድሮ ጊዜ ሙሽሮች ሳይቀሩ ይህን ለማየት ይመጡ ነበር። አሁን የሚመጣ የለም፤ አባቷ ግን ማንም ሳያያቸው ባትሪያቸውን ያበራሉ።

«ስማ» አለች። «ሐኪሟ እምቢ ካለች የአባባን ጠረጴዛ እኔው ራሴ በአንድ በኩል ይዤ አወጣልሃለሁ። እሺ ካለች ግን ነገ ያ መኪና ከበር ይመለሳል። ወንድ ከሆንክ ተስማማ።»

«ተስማምተናል» አለ፤ ከዚያም ሳያስበው «ይቅናሽ» ጨመረ።

አባቷ ሣጥኑን በጨርቅ ሸፍነው አቆይተውላታል። ጨርቁን ሲያነሡት ጠጋ ብላ አየችው። ለዓመታት «ለሰው አልሰጥም» ብለው ጣሪያ ሥር ካስቀመጧት ጣውላ ነው የሠሩት። ማዕዘኖቹ እንደ ሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈዋል። ሚስማር የለው፣ ብሎን የለው። ብሎን ለእሳቸው የሰነፍ አናጢ ምርኩዝ ነው። ከፊት ለፊት፣ ከግርጌው፣ አየር የሚገባባቸው ቀጫጭን ክፍተቶች ልክ እንደ ሣለቻቸው ተደርድረዋል። ጀርባውም እንደ ሣለችው ክፍት ነው፤ ዕቃው ሁሉ የሚገባውም ሆነ ሙቀቱ የሚወጣው በዚያ ነው።

አባቷ ያን ክፍት ጀርባ ሲያዩ ፊታቸው ጠቆር አለ። «እንዲህ ይቀራል?»

«እንዲህ ይቀራል አባባ። እንዲተነፍስ ነው።»

«ጀርባው የተከፈተ ዕቃ በዚህ ቤት ተሠርቶ አያውቅም።»

«ሥዕሉ ላይ እንደዚያ ነው።»

ዝም አሉ። አባቷ ዝም ሲሉ ተስማምተው እንዳልሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ዛሬ ግን እጇ በሥራ፣ ልቧ በሰዓቱ ተይዞ ነበርና ነገሩን አላጤነችውም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ እንዳይሆንባት ቀስ ብላ ጀመረች። ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ማዘርቦርድ አባቷ ባዘጋጁላት ሳንቃ ላይ አሰረችው። ፕሮሰሰሩን ከቦታው ስታስቀምጥና መያዣውን ስትጫነው ጥርሷን ነከሰች፤ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ራሙን፣ ዲስኩን፣ ከሁሉም የሚከብደውን ፓወር ሰፕላይ፣ በመጨረሻም ያን የተጣላችበትን ካርድ ሰካች። ሳንቃውን እንዳለ እንደ መሳቢያ ከጀርባ ገፍታ አስገባችውና ማራገቢያዋን ከጀርባው መሐል አቆመቻት። ስክሪኑን አገናኝታ ኃይሉን ሰጠችው። ማራገቢያዋ እንደ ሠርግ ቤት ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ አበራች፤ ስክሪኑም ነቃ።

ከማተሚያ ቤቱ በፍላሽ ያመጣችውን የባንኮውን ሥዕል ከፈተች። ማውሱን ገፋ አደረገች፤ ባንኮው ዞረ። ሳይደርቅ፣ ሳያስብ፣ ልክ በእጇ የያዘችው ይመስል ዞረ። ደግማ ደጋግማ አዞረችው። አባቷ ከትከሻዋ በላይ አንገታቸውን አስግገው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ጥላው በየት በኩል ነው የሚወድቀው?» አሉ። አሳየቻቸው። «እህ» አሉ። ከእሳቸው አፍ የሚወጣ «እህ» የሌላ ሰው ጭብጨባ ነው።

ማሽኑን አጥፍታ ከወርክሾፑ ጀርባ ወዳለው ቤታቸው ልትታጠብና ልብሷን ልትቀይር ሄደች። ስትመለስ ሣጥኑ ስክሪኑ አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ተቀምጧል። አባቷ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። አውራ ጣታቸው ላይ ነጭ ኮላ ደርቋል፤ እሱም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ያ ጣት ኮላ ያልነካው ቀን የለም።

የጥርስ ሐኪሟ የመጣችው ከተባለው ሰዓት ቀደም ብላ ነው። ቀጠን ያለች፣ ንግግሯ አጭር፣ ሰው ሲያወራ አፉን አፉን የምታይ ሴት ነበረች። ክንዷ ሥር የፋብሪካውን ካታሎግ ይዛለች። ወንድሟ ወንበር አቀረበላት፤ ካታሎጉን ሲያይ ዐይኑን ወደ እህቱ ወረወረ።

«ቶሎ ብናየው» አለች ሐኪሟ። «በሽተኛ ቀጥሬያለሁ።»

ሚሊሜትር አብርታ ባንኮውን አመጣችው። በጎን አዞረችው፣ ከላይ አሳየቻት፣ ቀጫጭኖቹ እንጨቶች ከበሩ ጀምረው እየጎበጡ ሰውን ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚመሩት ነገረቻት። ሐኪሟ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፣ ቀጥላ ሌላ፤ ከዚያ ካታሎጉን ወለሉ ላይ አኖረችና ወንበሯን አስጠጋች።

«እኔ ጋ የሚመጣ ሰው በፍርሃት ነው የሚመጣው» አለች። «ቁጭ ብሎ ተራውን ሲጠብቅ ምንድነው የሚያየው? ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ መብራቱ በርቶ፣ አሳዪኝ።»

እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀ ደንበኛ አልነበረም። ሚሊሜትር ዕይታውን ወደ ወንበሩ ከፍታ አወረደችው፣ መብራቶቹን አበራቻቸው፤ ማሽኑም የእያንዳንዱን እንጨት ጥላ ማስላት ጀመረ። የካርዱ ማራገቢያ ጮኸ። ጩኸቱ እየከረረ፣ እየከረረ ሄደ። ጥላዎቹ ከግራ በኩል አንድ በአንድ መታየት ሲጀምሩ ስክሪኑ ድርግም አለ።

እንደገና አበራችው። ነቃ፣ ባንኮው ብቅ አለ፣ ሐኪሟ ጎንበስ አለች፤ ድርግም።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። ለመንከስ አልነበረም የተናገረው፤ ማዘኑ ያስታውቃል። ይኼ ደግሞ ከንክሻው ይብሳል። ሐኪሟ ሰዓቷን አየችና እጇን ወደ ካታሎጉ ዘረጋች።

ሚሊሜትር መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች። እንጨቱ ይፋጃል። የሞቀ ቫርኒሽ ሸተታት። «አልተበላሸም» አለች ለራሷ፤ «ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ለማዳን ነው የጠፋው።» ሣጥኑን በሁለት እጇ አቅፋ ከግድግዳው ዞር አደረገችው።

ጀርባው ተዘግቷል።

ደግሞም እንዴት ያለ አዘጋግ! ከዚያችው ጣውላ የወጣች ገበታ በጎኖቹ ላይ በተቆፈረ ቦይ ውስጥ ተንሸራታ ገብታ፣ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ከጎኖቹ ጋር ተያይዟል። ለገመዶቹ የተተወችው ቀዳዳ እንኳ ልክ የገመዶቹን ያህል ናት፤ መርፌ አታስገባም። ገበታዋን በጥፍሯ ልታንቀሳቅሳት ሞከረች።

«አትለፊ» አሉ አባቷ። «ኮላ ነክቼዋለሁ።»

«አባባ...»

«ተከፍቶ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው ወይ? ዘጋሁልሽ። በባትሪም አየሁት፣ መጋጠሚያው ቅንጣት አያሳልፍም» አሉ። አነጋገራቸው ላይ ኩራት ነበር፤ ከዚያ የልጃቸውን ፊት፣ የጠቆረውን ስክሪን፣ የሐኪሟን እጅ በየተራ አዩና ኩራቱ ከፊታቸው ላይ ቀስ በቀስ ወረደ።

ልትቆጣቸው ፈለገች። ቁጣው ደረቷ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያቺን ገበታ እንደገና አየቻት፤ እሷ ፊቷን ስትታጠብ እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጥድፊያ፣ ይህን ያህል አሳምረው የሠሩት ለእሷ ነው። ቁጣው መድረሻ አጣ። ለማልቀስ ደግሞ ጊዜ አልነበረም። ገመዶቹን ከግድግዳውና ከስክሪኑ ነቅላ ወደ መሣሪያ መደርደሪያው ሄደችና ድሪሉን፣ ለጣሪያ መብራት ቀዳዳ የሚያወጡበትን ክብ መቁረጫ ገጥማበት፣ ይዛው መጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ አባቷ።

«እበሳዋለሁ።»

«የተጨረሰ ሥራ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ከዚህ ቤት የተበሳ ዕቃ ወጥቶ አያውቅም!»

«ይኼ አይወጣም አባባ» አለች፤ የእሷም ድምፅ ከፍ ብሏል። «ይኼ እዚሁ ነው የሚኖረው። እርስዎም፣ ጠረጴዛዎም፣ እኔም እዚሁ ነን! ካልተበሳ ግን ነገ ሁላችንም እንወጣለን።»

አባቷ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ጠረጴዛቸው ዞሩ። ጫፉ በእጃቸው ተፍቆ የጎደጎደውን፣ የመጋዝ ጠባሳ ያለበትን ያን ጠረጴዛ እንደ ማያውቁት ሰው ትክ ብለው አዩት። ከዚያ መጡና ድሪሉን ከእጇ ወሰዱት።

«አንቺ ምልክት አድርጊ» አሉ። «የምበሳው እኔ ነኝ። የሠራሁትን ሌላ ሰው አያቆስለውም።»

ሐኪሟ ካታሎጉን እንደያዘች ቆማ ነበር። ወንድሟ ይቅርታ ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት እጇን አነሣችበት። «የምኖረው በመብሳት ነው» አለች፤ «ይኼንማ አይቼ ነው የምሄደው።» ተመልሳም ተቀመጠች።

ሚሊሜትር ስሟን ያገኘችበት ዕውቀት ዛሬ ያስፈልጋታል። ማራገቢያዋ ከየትኛው ጠርዝ በምን ያህል ርቀት ላይ እንዳለች በቃሏ ታውቃለች። በእርሳስ መስቀል አደረገች፤ ለክታ ደገመችው። «ከገበታው ውፍረት በላይ አንዲት ሚሊሜትር ከገባ ፋኑን ይበላዋል» አለች።

«የገበታዬን ውፍረት ለእኔ ትነግሪኛለሽ?»

ብናኙ ውስጥ ከገባ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሣጥኑ ተገልብጦ፣ ጀርባው ወደ መሬት፣ በሁለት ሰው እጅ ከፍ ብሎ መያዝ ነበረበት፤ አባቷም ከሥሩ ሆነው ወደ ላይ ይበሳሉ። በአንድ በኩል እሷ ያዘች። በሌላው በኩል ማንም አልነበረም። ወንድሟ ለአፍታ እንደ ቆመ ቀረ፤ ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጣለና ያን ጫፍ ያዘ።

አባቷ ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ተሰማ። ድሪሉ ጮኸ። ሰጋቱራው ቅንድባቸው ላይ፣ ጢማቸው ላይ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠርጉት በኖሩት ፊታቸው ላይ ዘነበ፤ እሳቸው ግን ዐይናቸውን አጥብበው እጃቸውን ያዳምጣሉ። በዚህ መሐል የወንድሟ ስልክ ኪሱ ውስጥ መጮህ ጀመረ። ሁሉም ማን እንደሆነ አወቁ፤ ፋብሪካው ከምሳ ጀምሮ ለነገው ማረጋገጫ ሲደውል ነው የዋለው።

«አታነሣም?» አለችው እህቱ ከሣጥኑ ማዶ።

«እጄ ተይዟል» አለ። ላቡ አፍንጫው ጫፍ ላይ ደርሷል። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

የድሪሉ ድምፅ በድንገት ሲለሰልስ አባቷ በዚያችው ቅጽበት ለቀቁት። ክብ ቁራጩ መሬት ላይ ወደቀና ተንከባሎ ጠረጴዛቸው እግር ሥር ቆመ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ሊያሳምሩት ሲሉ ልጃቸው «በኋላ፣ አባባ፣ በኋላ» አለች። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻካራ ጠርዝ ትተው ተነሡ።

ሣጥኑ ወደ ቦታው ተመለሰ። ገመዶቹ ተሰኩ። ማብሪያውን ነካች። ነቃ። ባንኮው መጣ። ከወንበሩ ላይ ሆኖ፣ መብራቱ በርቶ። ካርዱ ጮኸ፣ ከረረ፤ ከዚያ ከርሮ ከርሮ፣ ልክ ዳገት እንደ ጨረሰ ሰው፣ እኩል መተንፈስ ጀመረ። ጥላዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ በአንድ ወደቁ። ባንኮው ሙሉ ሆኖ ከፊታቸው ቆመ፤ እንጨቶቹ ጎብጠው፣ ብርሃኑ በመካከላቸው ሾልኮ፣ ተራውን ለሚጠብቅ ፈሪ ሰው ወደ ውስጥ የሚያመለክት ሆኖ።

ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ አየችው። ካታሎጉን መልሳ ወለሉ ላይ አኑራ፣ አገጯን በመዳፏ ደግፋ፣ «በሩ በዚህ በኩል ቢሆንስ ኖሮ?» አለች።

ሚሊሜትር በሩን አነሣችና በዚያ በኩል አደረገችው። «ቆዩ፣ ጥላውን እንደገና ይሥራው» አለች፤ ማሽኑም እንደገና መጮህ ጀመረ። ወንድሟ ሐኪሟን አላያትም፤ ካታሎጉንም አላየውም። ዐይኑ ስክሪኑ ላይ ቀርቷል።

አባቷ ግን ከሣጥኑ ኋላ ነበሩ። መዳፋቸውን ቀዳዳው ላይ አድርገው የሚወጣውን ሙቀት ለካ ለካ አደረጉ። ከዚያ ሰጋቱራቸውን ሳያራግፉ ሄደው መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጉ፤ ተመልሰውም የወርክሾፑን መብራት አጠፉ። ሐኪሟ ግራ ገብቷት ቀና አለች። ልጆቻቸው ግን አባታቸው ምን እያደረጉ እንደሆነ ያውቁ ነበርና ወደ ሣጥኑ ዞሩ።

ከስክሪኑ በቀር በጨለመው ቤት ውስጥ፣ ከሣጥኑ ጀርባ ግድግዳው ላይ፣ ጠርዙ የሻከረ ክብ ብርሃን ይዞራል። ቀይ ሆነ። አረንጓዴ ሆነ። ሐምራዊ ሆነ። በዚያ ቤት ከተሠራ ዕቃ ውስጥ ብርሃን ሲወጣና አባቷ «ይመለስ» ሳይሉ ሲቀሩ ይህ የመጀመሪያው ነው። ዙሪያውን እንደ ልማዳቸው ዞሩት፤ ፊታቸው አንዴ ቀልቶ፣ አንዴ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ቅንድባቸው በሰጋቱራ ነጥቷል።

ካርዱ እንደገና እየከረረ ነበር፤ አንዱ ቀዳዳ አልበቃውም። አባቷ ጆሯቸውን ወደ ሣጥኑ አዘነበሉ፣ አዳመጡ፣ በጨለማው ውስጥ በዳበሳ ድሪሉን አነሡ።

«ሁለተኛው ቀዳዳ የት ጋ ነው?» አሉ።